የይማም ላዳ

ጦሳ ጉሙን ሳያወልቅ
የይማም ላዳ ሦስቴ ሳለች፣ በአራተኛው ተነሣች፤
«የደሴን የካቶሊክ ደጆች አሳየኝ» ባልኩት፣
«አብሽሪ» አለኝ፤ ላዳዋም ቁልቁል ተንገጫገጨች።

የመጀመሪያዋ ተቆልፋ፣ ቁልፍ ያዡም ሰኞ ገበያ፤
ከሁለተኛዋ በር፣ ጫማዬን ተቀብሎኝ ይማም ቀረ እዚያ።

ገብቼ፣ ሻማ ለኩሼ ስወጣ
ግንቡን በመዳፉ ይዳብሳል፣ እንደ በሬ ሽንጥ።
«ይቺን ድንጋይ አባቴ ነው የጠረባት፤
አባ ሉቃስ ዓርብ ዓርብ በጊዜ ይለቁት ነበር፣
ጁምዓ እንዳያልፍበት።»

ተመልሼ ገባሁ።
ድንጋይዋን ከውስጥ ብፈልግ፣
ግድግዳውን ብዳብስ ተራ በተራ፣
ሁሉ ልስን፣ ሁሉ ኖራ።

ይማም ጫማዬን አራግፎ ሰጠኝ፤
«አታገኚያትም» አለ፣
«እሷ የምትታየው ከደጅ ነው።»