ዜሮ ዓመት

«የሥራ ልምድ በዓመት» ይላል ቅጹ ከታች፣
ጠቋሚው ብልጭ ድርግም፤ ጣቴ ከላይ ቆማ ሰንብታለች።
ዜሮ ብዬ ጻፍሁ።
ዜሮ ብዬ አጠፋሁ።
ከማራኪ ግቢ ከወጣሁ ሁለት ክረምት አለፈ፣
ዲግሪዬ ቁም ሣጥን ውስጥ በላስቲክ እንደታቀፈ።

ፒያሳ ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው ሁሉ
«ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ» ነው ቃሉ፤
ልምድ የሌለው የት ሄዶ ልምድ እንደሚያገኝ
ለጣፊውን ብጠይቀው፣ ሙጫ እየቀባ ገላመጠኝ።

እናም ወደ ስልኬ ዞርሁ። «ከቤትዎ ሆነው ይሥሩ፣
መጻፍ ብቻ ይበቃል» የሚሉ ተደረደሩ።
አንዱ ወዲያው ተቀበለኝ፣ ስሜን በቅጡ ሳይጠይቅ፣
«መመዝገቢያ ስምንት መቶ፣ በቴሌብር፣ ቦታው ሳያልቅ።»
ላክሁለት።
የእህቴ የትርንጎ የዘይት ብር ነበረ።
በማግሥቱ ስሙም ፎቶውም ተሰወረ።
«ዘይት እኮ ጨመረ» አልኋት፤
ጨምሮም ነበር፤ ውሸቴ እውነት ለብሶ ገባላት።

ሌላኛው ብር አልጠየቀም፤ ፈተና ነው የላከልኝ፣
«መቶ ሃያ ደረሰኝ፣ በሦስት ሰዓት፣ በሠንጠረዥ» አለኝ።
የማላውቀው አገር ሱቅ፣ የማላውቃቸው ሰዎች፦
አንዱ ሚስማር ገዝቷል፣ አንዷ የሕፃን ጫማ፣
አንዱ የአይጥ መርዝ ብቻ፣ በእኩለ ሌሊት ጨለማ።
ቀን፣ ቁጥር፣ ዋጋ። ቀን፣ ቁጥር፣ ዋጋ።
ሰባ አራተኛው ላይ መብራት ጠፋ።
የተዋስሁት ላፕቶፕ ላይ የቀረው፣ እፍኝ የማትሞላ ተስፋ።

በነጠላ ጠቅልዬው ከሳሙና በር ሮጥሁ፣
ጄኔሬተር ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ቆምሁ።
ጌጤነህ «ቻርጅ ሃያ ብር» ብሎ፣ ፊቴን አየና «ቁጭ በይ» አለ፤
ግንቡ ማዶ ጨልሟል፤ ለእሱ መብራት ቢኖር ባይኖር ምን ጎደለ?

ሰባ አምስት። ሰባ ስድስት። ጣቴ ዛለ፣ ዓይኔ ቀላ።
መቶ ሃያ።
ሦስት ደቂቃ ቀርቶኛል። ያ ሣጥን ግን እንዳፈጠጠ ነው።

የእድሩ ጸሐፊ አባባ፣ ዓይናቸውን ሞራ ሲለብስ፣
መዝገቡን ለእኔ ሰጡኝ፣ «እግዜር ብርሃኔን እስኪመልስ»፤
የእግዜር መልስ ዘገየና ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሬ
ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ በየወሩ ቆጥሬ፣
ድንኳን ስንት፣ ወንበር ስንት፣ ሟች ማን፣ ቀኑ መቼ፤
አንድ ስም አላውቅም ተሳስቼ።
«ስም ከሳትሽ» ይሉኝ ነበር፣ «ሰው በቁሙ ትቀብሪያለሽ።»

ዜሮውን አጠፋሁና «ሰባት» ብዬ ጻፍሁ፣
«የት?» ለሚለው «በእድር»። ላክሁ።

በአራተኛው ቀን መጣ፤ መልሱ ሁለት መስመር ነው።
«አንድ ስሕተት፣ ሰባ አራተኛው ላይ። ሰኞ ጀምሪ፣ ክፍያው በመስመር ነው።
ለመሆኑ፣ እድር ምንድን ነው?»

ከሥሩ ለመልስ የተተወች አንዲት ሣጥን አለች።
ድንኳኑን አስቤ፣ ለቅሶውን፣ አባባን አስቤ
ልጽፍ ስጀምር፣ ጠበበች።