ገመና ከታች

ሮላ ሰፈር፣ ሻርጃ፤ ስድስት አልጋ ባንድ ክፍል፣
የኔ ዓለም ከመጋረጃው ወዲህ፤ ሁለት ክንድ ቢያክል።
ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛሁ፣ በአራት መቶ ድርሃም፤
ስም፣ ስልክ፣ ፊት፣ ያለሁበት… ያልጠየቀኝ የለም።
«እስማማለሁ በይ» ሲለኝ ማዳም ትዝ አለችኝ፣
ፓስፖርቴን ቆልፋ፣ ሐሙስ በመጣ ቁጥር
«ሻንጣሽን ክፈቺ» የምትለኝ።

የጥገና ቤቱ ኑረዲን ሊኑክስ በፍላሽ ሰጠኝ፤
«ፕሪንተር ላይታዘዝሽ ይችላል» ብሎ አስጠነቀቀኝ።
ይቅርብኝ። ምን አትማለሁ?

ሁለት ሌሊት ዋይፋዩ እምቢ አለ።
በሦስተኛው ስሜን ብቻ ጠየቀ፤
«እኔ» ብዬ ጻፍኩለት፣
ዝም ብሎ ተቀበለ።

መጋረጃዬን ሳብኩ።
ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው ቤት ስከትት የሰው ገመና፣
የኔን የከተተ ይሄ አሮጌ ዕቃ ሆነና
አፌን ይዤ ሳቅሁ።