ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሱፍ አቅልሜ ኖሬ፣
ጠባሴ ላይ ሆኜ፣ ከበርሜል ታስሬ፣
ቀዩን ከሰማያዊው በጣቴ ለይቼ፣
ጥፍሬ ሳይነጣ ጡረታ ወጥቼ፣
ይኸው በስተርጅና ቀለም አስደነቀኝ፣
ማንም ያልነከረው፣ ከመስታወት ወዲያ ቆሞ የሚያየኝ።

ተከራዬ ነበር፣ ናሁሠናይ የሚሉት፤
"ለአንድ ወር ብቻ" ብሎ ጂንካ ተዛወረ፤
ስድስት ዓሣ ትቶ፣ አንድ ወረቀት ትቶ፣
በሩን እያየ ነው ያስረዳኝ የነበረ።

ዲስከስ ነው ስማቸው።
እንደ ሳህን ክብ ናቸው፣ እንደ ሳህን ስስ፤
ሲፈሩ ይጠቁራሉ፤ ሲደላቸው ደግሞ
ሰማያዊው በቀዩ ላይ ተነሥቶ ይፈስስ።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦
"ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ። ከዚያ በታች እንዳይወርድ።"
ብቻዬን ሳቅኩኝ።
በዚህ በበሬሳ፣ በደብረ ብርሃን ምድር፣
ኅዳር ጠዋት ባልዲ ላይ መስታወት በሚጋግር ብርድ!
አልጋዬም እንዲህ አይሞቅ።

ውሃ ግን አውቃለሁ።
ሳሙና የማያረፋ ውሃ ሱፍ ያጎድፋል፤
ለካ ዓሣም ያጎድፋል።
የነሐሴ ዝናብ ነው ለስላሳው፤ ከጣሪያ
ሁለት በርሜል ሙሉ አጠራቅሜ፣
በክዳኑ ላይ ድንጋይ ጭኜ፣
ከቧንቧው ጋር አዋህዳለሁ።
የቧንቧውም በባልዲ ማደር አለበት፣ መድኃኒቱ እስኪተን።
በየሁለት ቀኑ ሲሶ ቀድቼ ሲሶ እመልሳለሁ፤
ክርኔን ነክሬ ነው ሙቀቱን የምለካ፣
የጨቅላ ገላ ይመስል።

ቅጠል ሞልቶበታል፤ ሰፋፊ፣ እንደ ጎመን፣ ሙቀት የማይፈራ፤
መሐሉ ላይ የወይራ ጉቶ፣ ወር ሙሉ ቀቅዬ የጣልኩት፣
ሰው ሲበዛባቸው የሚሸሹበት።
መብራቱ በርቶ ትንሽ ሲቆይ
ከየቅጠሉ ጫፍ አረፋ ይነሣል፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል።
ያኔ፣ ዛሬም ደህና ነን፣ እላለሁ።

ምግባቸው የበሬ ልብ ነው፤
ጅማቱ ወጥቶ፣ ስቡ ተገፍፎ፣ ደቆ የተከተፈ።
ሁዳዴ ሊገባ፣ የቅበላ ለት፣
ሦስት ልብ ስገዛ ባለ ሉካንዳው፣
"ለስንት ሰው ነው አባቴ?" "ለስድስት።"
"ጾም አያውቁም እንዴ?"
"አያውቁም።"
የተረፈውን በጎማ ቱቦ እስባለሁ፤
ውሃን የሚገድለው የተረሳ ጉርሻ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ወለዱ።
እናትና አባት ጎን ለጎን ቆመው፣
ልጆቹ ከቆዳቸው ዝልግልጉን ይልሳሉ፤
ጡት የሌለው ፍጥረት፣ ገላው ጡት ሆኖት።
የሺመቤት አይታ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

በማግሥቱ ሌሊት መብራት ጠፋ።

ሃያ ሰባት። ሃያ ስድስት።
ከሰል አያያዝኩ፤ የለስላሳ ጠርሙስ በፍል ውሃ ሞልቼ አንሳፈፍኩ፤
ለጡረታ የሸለሙኝን ብርድ ልብስ፣
ራሴ የነከርኩትን፣ ከፕላስቲኩ ያልወጣውን፣
መስታወቱ ላይ ጠመጠምኩት።
በሲኒ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ አፈሳለሁ፣ አየር እንዲገባበት፤
ክንዴ ዛለ።
ሃያ አምስት።
እናቲቱ ጠቆረች።
"ለእኔ አንድ ቀን ደርበህልኝ አታውቅም" አለች የሺመቤት፤
አለችና ጋቢዋን ከላይዋ ገፍፋ
በብርድ ልብሱ ላይ ደረበችው።

መብራቱ መጣ ሲነጋ።
ልጆቹ ግማሾቹ የሉም፤ ቆጥሬ አልጨረስኩም።
የቀሩት ከጎኗ ተለጥፈዋል፤
እሷም ቀስ ብላ፣ ከጅራቷ በኩል፣ መቅላት ጀመረች፣
ሱፍ ከበርሜል ወጥቶ አየር ሲነካው እንደሚደምቀው።

በሳምንቱ ናሁሠናይ ደወለ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ።
"ሞተዋል፣ አይደል?"
"ተዋልደዋል።"
"እንግዲያው መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።"
ዞር ብዬ አየኋቸው።
"መንገዱ ብርድ ነው" አልኩት፣ "ክረምቱ ይውጣ።"
ውጭ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ጎረቤት ገብስ ይወቃል።
የሺመቤት ከጓዳ ስትስቅ ይሰማኛል።