ድርብ ምዝገባ

የማታ ነው ክፍሉ፤ ሰንጋ ተራ፣ ንግድ ሥራ።
ግማሹ ተማሪ ያንቀላፋል በተራ፤
ከባንክ መስኮት የመጣ፣ ከጋራዥ የመጣ፣
ክራባቱን ጠቅልሎ ከኪሱ ያላወጣ።

መምህር ኅሩይ በጠመኔው አንድ አግድም ሳበና፣
ከመሐሉ ቁልቁል ደግሞ አንድ ቁም ጨመረና፣
"ግራው ዴቢት፣ ቀኙ ክሬዲት፤
ከዚህ ወዲያ ያለው ሁሉ ዝርዝር ነው" አለና
እጁን አራገፈ።

"አናቱን የተቆረጠ መስቀል!" አለች ፀዳለ፤
"ማን ይወቅሰዋል ታዲያ፣ ለፈተና የተሳለ?"

የዛሬው ርዕስ፦ የማይሰበሰብ ዕዳ።
"ተበዳሪው ቢሞት፣ ቢከስር፣ ቢሰደድ፣
አድራሻው ቢፈርስ፣ ቢቀየር መንገድ፣
በሁለት መስመር ጻፉት፤ ከመዝገብ ይወገድ።"

አንዱን መስመር ጻፍኩ፤ ሁለተኛው ላይ እጄ እምቢ አለ።
ከግቢው ጀርባ ሱቅ ነበረ፤ ዛሬ ቆርቆሮ አጥር አለ።

ሙደሲር በዱቤ ደብተሩ ስም አይጽፍም፤ ሰው ነው የሚስለው፦
ሰማያዊ በር — ዘይት፣ ግማሽ ሊትር።
ወርቅ ጥርስ — ሳሙና ሁለት፣ ክብሪት።
ሚስቱ የሄደችበት — ሲጋራ፣ ሦስት ፍሬ።

እኔስ? ጠይቄው አላውቅም።
የመጀመሪያ ዓመቴ ዳቦ ነበር፤
ጠዋት ዳቦ፣ ማታ ዳቦ፣ ደህና ቀን ሲሆን ሙዝ።
"ጻፈው" እላለሁ። "ተጽፏል" ይላል።
ወር ሲያልቅ ደብተሩን በባንኮኒው ላይ ይገፋልኝና
"አንተ ተማሪ አይደለህ? ደምርልኝ እስቲ" ይላል።
ካልኩሌተሬን አውጥቼ ሰፈሩን በሙሉ እደምራለሁ፤
የኔን ገጽ ብቻ በአውራ ጣቱ ያልፈዋል።

በነሐሴ ሰፈሩ ተነሳ፤ በሩም ጥርሱም ተበተነ።
ጀሞ የገባ አለ፣ ቱሉ ዲምቱ የገባ አለ፤
እኔ ዘንድ ቀረ አራት መቶ አሥራ ሁለት ብር —
በልቼው።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር፣
ቁጭ ብሎ አገኘሁት፣ ካርድና ሶፍት ሲቸረችር።
ብሩን ዘረጋሁ። አልነካውም።
ደብተሩን አወጣ፣ ያንኑን፣ ዝናብ ያሳበጠውን፤
ገለበጠና ከኋላ ጀምሮ ገለጠው።
ከፊት የሰዉ ዕዳ ነው፤ ከኋላ የራሱ፦

ካልኩሌተር — የመስከረም ድምር፣ አርባ ብር።
ካልኩሌተር — የጥቅምት ድምር፣ አርባ ብር።
እስከ ሐምሌ ወረደ፣ አሥራ አንድ ጊዜ አርባ፤
ማንም ያላስተማረው ድርብ ምዝገባ።

"ሃያ ስምንት ይቀርሃል" አለና ቆጠረልኝ፤
አንዷ አምስት ብር በፕላስተር የተያያዘች ነበረች።
"ፈርም።"
"ማን ብዬ?"
"እንደተጻፈው ነዋ።"
ፈረምኩ፦ ካልኩሌተር።

"ተዘጋ እንግዲህ ሂሳባችን?" አልኩ።
ደብተሩን ወደ ፊቱ መልሶ ገለበጠና ገፋልኝ፤
"የዚህን ወር ደምርልኝ።"