ዶሮዋም ነጥብ ሰጠች

ባጃጇ ዴዶ ሳትደርስ ጭቃው ውስጥ ቀረች፤
ቀሪውን ዳገት በእግሬ ወጣሁ፤
ሃያ አንድ ገጽ ቅጽ በፌስታል ጠቅልዬ፣
አንድ ጣሳ በቆሎ ለነጥብ ይዤ መጣሁ።

ዋንዛው ሥር ጠበቁኝ፦ አባ ቢያ፣ አባ ራያ፣
ጫቱን ገና ያልሸጠው ዚያድ፣
ሙንተሃ ከልጇ ጋር፣ ዶማዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፤
"ቶሎ በል" አለችኝ፣ "አረም እንግዳ አያውቅም።"

በከሰል መሬቱን ወደ ጎን ወደ ታች ከፋፈልኩት፤
ቡና በሰሳ ጥላ፣ በቆሎ ለብቻው፣
በቆሎ ከቦሎቄ፣ እንሰት፣ ጫት፣ ባሕር ዛፍ፤
ከላይ ምርት፣ ገቢ፣ ጉልበት፣ አፈር ብዬ ጻፍኩበት፣
መጨረሻ ላይ "ዘላቂነት"፣ ሲጻፍ እንኳ የሚያደክም ቃል።
"ለደጉ አምስት ፍሬ፣ ለደካማው አንድ" አልኩና
ጣሳዬን መሐል አስቀመጥኩት።

"ዘላቂ ምንድን ነው?" አሉ አባ ቢያ።
"የመጪውን ትውልድ..." ብዬ ከወረቀቴ ስጀምር
ሙንተሃ አቋረጠችኝ፤
"ነሐሴ ላይ ጣሳ አስይዞ
ከሰው ደጅ ያላቆመኝ ማሳ፣ እሱን ጻፍልኝ አደራ፤"
አምስቱንም ፍሬ እንሰቱ ላይ ደረደረች በተራ።

ዚያድም አምስት ቆጠረ፣ ለጫቱ።
"እናቴ ጅማ ሆስፒታል የገባች ጊዜ
ቡናው ገና ጥሬ ነበር፣ በቆሎውም እሸት፤
በሦስተኛው ቀን የደረሰልኝ ይሄ ነው፣ ይሄ የምትጠሉት።"
ማንም አልመለሰለት።
እኔ በልቤ አንድ ፍሬ ነበር ያዘጋጀሁለት።

አባ ራያ የሙንተሃን ዶማ ተቀብለው ተነሡ፤
አንድ ጓል ከበቆሎው ማሳ፣ አንድ ከሰሳው ሥር አነሡ፤
ሁለቱንም ቅጼ ላይ አኖሩት። "አሽትት" አሉኝ።
አንዱ የዝናብ ጠረን አለው፤ ትል ይሄድበታል።
አንዱ እንደ ተሰበረ ሸክላ ዝም ብሏል።
"አሥራ አንድ ዓመት በቆሎ ብቻ" አሉ፣ "ሱስ ይዞታል፤
ዳፕ ካልቀመሰ ጠዋት አይነሣም፣
ኬሻ ስጨምርለት ረሃቡን ይጨምራል።

ከዚህ የታጠበውስ? ጊቤ ወርዶ
ግድቡ ሆድ ተኝቷል የአባቴ እርሻ ተንዶ።
ለእሱ ሣጥን አለህ?"
አልነበረኝም። ከሰሉን አንሥቼ አዲስ ዓምድ ጨመርኩ።
"ጉልበት ያልከውስ" አለች ሙንተሃ፣ "የማን ጉልበት ነው?
ቀን የሚያርመው የኔ ወገብ፣
ሌሊት ከርከሮ የሚጠብቀው የባሌ ዓይን ነው።"
ጉልበትንም ለሁለት ከፈልኩ።
ሠንጠረዤ ከጥላው አልፎ ፀሐይ ላይ ወጣ።

ይሄኔ ነው ቀይዋ ዶሮ ከስድስት ጫጩቶቿ ጋር የደረሰችው።
በበቆሎ ነጥብ ስንሰጥ ይሄን ማን አሰበ?
ባሕር ዛፉን አለፈችው፤ ማንም ምንም አልጣለበትም።
ከጫቱ ሦስት ለቀመች፣ ከቡናው ሁለት፣
የበቆሎውን ብቸኛ ፍሬ አዘንብላ አየችና ዋጠችው።
ሳቁ የዋንዛውን ቅጠል አራገፈ።
"ተዋት" አሉ አባ ቢያ፣ "እሷም ጓሮዋን ታውቃለች፤
ነጥቧን ሰጥታ ስትሄድ፣ አበል እንኳ አልጠየቀች።"

እኔ ግን ደነገጥኩ። ፎቶ አላነሣሁም ነበር።
ኢፍራህ፣ የሙንተሃ ልጅ፣ ገና የስምንት ዓመት፣
ከእናቷ ጀርባ ወጥታ ሁሉንም በቃሏ ቆጠረችው፤
የማን እጅ ስንት እንደጣለ፣
ማን ጥሎ ሰው ሳያይ መልሶ እንዳነሣ ጭምር።

ስሰናበት አባ ቢያ ፌስታሌን ያዙ።
"አምናም አንድ ልጅ እንዳንተ ጠይቆን ነበር፤
መልሱን ይዞ ሄደ። መልሱ ግን አልተመለሰም።"
"እኔ እመለሳለሁ" አልኩ።
"እሱም ብሏል።"

ቢሮ ስገባ ኃላፊዬ፦ "እነዚህ ዓምዶች ከየት መጡ?
ኮምፒዩተሩ አምስት ብቻ ነው የሚያውቀው።"

ማታ ቤቴ ፌስታሉን ብፈታው
የሰሳው ሥር አፈር ወረቀቱ ላይ ፈርሷል፤
ትሏ አልሞተችም። በመጨረሻው ገጽ በኩል፣ ቀስ ብላ፣
"ሌላ አስተያየት ካለ" የሚለው
ባዶ መስመር ላይ ደርሳለች።