የሰማይ ድርሻ

መሬቱ ስምንት ሜትር በአሥራ አምስት፣ ከፓላካድ አውቶቡስ መንገድ ዳር፣
ግራው የጎረቤት ግንብ፣ ቀኙ የጎማ ጥገና አጥር።
ወንድሜ የጠየቀኝ አጭር ነው፦ «ሦስት መኝታ፣ የልጅ ጠረጴዛ፤
ጣራው ድፍን ይሁን ብቻ። በባንክ ብድር ፍሳሽ ልግዛ?»

አክስቴ ካርትያያኒ እርሳሴን ከእጄ ወሰደች፣
ከንድፉ እምብርት ላይ አንዲት ካሬ ሠራች፣
«ይህ የሰማይ ድርሻ ነው፤ እንዳትደፍኚው» አለች።

የተወለደችበት ቤት ሲፈርስ፣ አራቱ ክንፍ ሲበተን፣
ሸክላው ለሆቴል ጌጥ ሲጫን፣
አንዱን ምሰሶ ተከትላ እስከ ኮቺ ሄዳ፣
ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ መልሳ ገዝታው ነበር፣ በዕዳ።

ናኑ አናጢው ለካው፤ ለእኔ ንድፍ በስንዝር ረዘመ።
«ልቁረጠው?» አለ፣ መጋዙን ይዞ።
አክስቴ ትንፍሽ አላለችም።
ጣራዬን በስንዝር ከፍ አደረግኩት፤ ያለ ሚስማር ገጠመ።

ከካሬው ሥር ቱቦ ቀበርኩ፣ ውኃውን ወደ ታንከር የሚወስድ፤
ለሌባ ፍርግርግ ብረት፣ ለቢምቢ መረብ፣
ምን ይደረግ፣ ዘመን አይካድ።

ሰኔ አጋማሽ፣ ሌሊት፣ ዝናቡ ያለ ፋታ
ከአራቱም የጣራ ክንፍ ወርዶ፣ አንድ ላይ ቤት መታ።
ወንድሜ ከእንቅልፉ ባንኖ ባልዲ ይዞ ወጣ፣
«አፈሰሰ!» እያለ፣ በባዶ እግሩ መጣ።
አክስቴ አልነቃችም። ለእሷ ይህ ድምፅ እንቅልፍ ነው።
ልጁ ኒላ ግን ቀድማው፣ ከድንጋዩ ጠርዝ እግሯን ነክራለች፤
ቀና ብላ እንኳ ሳታየው፣ ትንሽ ጠጋ አለች።

ቆመ።
ካሬውን አየ፣ ባልዲውን አየ፣ እኔን አየኝ፤
የሚለው ነገር ያለ መሰለኝ።

ባልዲውን ደፍቶ
ተቀመጠበት።