ጠራ ወይ?

ጋሽ ላቀው ካሜራውን አንገቴ ላይ አስሮ፣
“አውቶው ሞቷል” አለኝ፣ “ነፍሱን ይማር፣ ዘንድሮ።
በራሱ አያይልሽም፤ ቀለበቱን አዙሪ፤
ቢደበዝዝ አትደንግጪ፣ ቢጠራም አትኩሪ።”

ቀለበት! እናቴ ብትሰማው ይህን ቃል
እልልታዋ እስከ ጣና ማዶ ይዘልቃል።
እኔ ግን የታጨሁት ለአሮጌ ብረት ነው፣
ጎማው ለተላጠ፣ ሲዞር ለሚያቃስተው።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ከወደቡ በታች፣
ፀሐይ ከዓባይ ድልድይ ጀርባ እየወጣች፣
ዓይኔን ክብራን ላይ ጣልኩ።
ቀለበቱ ጫፍ ላይ በጎኗ የተኛች ስምንት ቁጥር አለች፤
እስከ እሷ ሳዞረው ደሴቲቱ መጣች፣ ዛፍ ከዛፍ ተለየች፤
“ያዝኳት!” ብዬ ጮህኩ።
ጋሽ ላቀው ድንጋይ ላይ፣ ሽምብራ እየቆረጠመ፦
“ሩቁንማ ማን ያጣዋል? ስምንቷ ላይ ተኝቶ ስንቱ ሰነፍ ከረመ!
ነይ እስኪ ወደዚህ፤ ክንድ ከስንዝር ላይ ያለውን ፈልጊ፤
ቅርቡ ነው የሚያደክም፤ እሱ ላይ ትጊ።”

ቅርቡ የአንሙት ታንኳ ነው፣ አሁን ከሐይቅ የወጣ፣
የደንገሉ ቋጠሮ፣ ውሃ አዝሎ የመጣ።
ወደ ግራ ባዞር ቋጠሮው ቀለጠ፣
ወደ ቀኝ ባዞር ከኋላው እንቦጩ አፈጠጠ፣
ትንፋሼን ብውጠው እጄ ተንቀጠቀጠ።
አንሙት ደግሞ አይቆምም፤ ቀረሶው ፀሐይ መትቶት ሊበላሽ፤
“እኔ ስንት መረብ ጥዬ ሳወጣ፣ አንቺ አንድ ቋጠሮ አቃተሽ?”

አርባ አንድ ፎቶ አነሣሁ። አርባው ጉም ነበር።
አንዱ ላይ ብቻ፣ እሱም ሳላስበው፣
የአንሙት አውራ ጣት፣ ቅርፊት የተለጠፈበት ጥፍር፣
በመርፌ የተጻፈ ይመስል ቁልጭ ብሏል።
ለምን እንደጠራ ዛሬም አላውቀው።

“አሳልፈሽ ተመለሺ” ይለኛል ጋሽ ላቀው፣
“ካላለፍሽው ወዲያ፣ የት እንደነበረ በምን ልታውቂው?”
የዘንባባ ግንድ ላይ፣ የባጃጅ መስታወት፣ የጀልባ ገመድ ላይ፣
አለፍኩ፣ ተመለስኩ፤ ክረምቱ እስኪያባራ፣ በየቀኑ ያው ቃል፦ “ጠራ ወይ?”

አንድ እሑድ ማታ ማታ፣ ዋርካው ሥር ተቀመጠልኝ።
መጀመሪያ የጠራው ጆሮው ነው፤ የጆሮው ፀጉር ይቆጠራል፤
ፊቱ ግን ጭስ። ነገርኩት።
ሳቀ። “ሰሚ አደረግሽኝ፤
በይ አሁን ደግሞ የሚያይ አድርጊኝ።”

ክንዴን ከጎኔ አጣበቅኩ።
አሳለፍኩ። ተመለስኩ።
ቅንድቡ መጣ፣ ሽፋሽፍቱ መጣ፣ ብሌኑ መጣ፤
ብሌኑ ላይ ግን —
ሌንሱን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት።
እንደገና አየሁ።
ነጭ ነገር። ወተት ውሃ ላይ ጠብ ሲል፣
ገና ሳይበተን በፊት እንደሚታየው።
ሌንሱ ላይ አልነበረም።

ለካ ቀለበቱን ሲያስይዘኝ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ነው፣
ለካ ያነሣሁትን ሁሉ “አንቺው ንገሪኝ” የሚለኝ፣
ያን ሁሉ ጊዜ “ጠራ ወይ?” ሲለኝ
ፈተና መስሎኝ፤
ጥያቄ ነበር።

ከሐይቁ አንሙት ጠራ፤ “ቀረሶ! ቀረሶ!” ድምፁ በውሃ ላይ መጣ።
“ጠራ ወይ?” አለ ጋሽ ላቀው፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣
ወደ እኔ ሳይሆን ትንሽ ወደ ግራዬ።
“ጠራ” አልኩት።
ጣቴ ግን ቀለበቱ ላይ ቀረ፤ አንዲት ፀጉር ታህል ወደ ኋላ ልመልሰው፣
ለሱም ለኔም ጉሙን ልመልሰው።

“ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ” አለ፣
“አንሺዋ፤ ብርሃኑ እየሄደ ነው’ኮ።”